የእትዬ ይመኙሻል ቢጫ ባልዲ

«ሚያዝያ 1995 ነበር» ይላል ከፈለኝ፣ ወሬ ወደ ቦንጋ በዞረ ቁጥር። ወዲያውም ራሱን ይጠራጠራል። «ኧረ መጋቢትም ይሆናል። ሁዳዴ ነበር፣ እሱን አልረሳም። ግን ሀምዛ አጠገቤ ተቀምጦ ጥብስ ሲበላም ይታየኛል፤ እትዬ ይመኙሻል ቤት ደግሞ በሁዳዴ የጥብስ ሽታ አይታሰብም። እንግዲህ ከሁለቱ ትዝታ አንዱ ውሸታም ነው።»

ቀኑ ቢጠፋም ነገሩ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በጠጅ ቤቱ ጥግ፣ ከፍ ብሎ በተሰቀለው መደርደሪያ ላይ ያለው ቴሌቪዥን የሩቅ አገር ከተማ ያሳያል። የባዕድ ጦር ገብቷል፤ የመሪው ሐውልት አንገቱ ታስሮ ይጎተታል። ቤቱ ሙሉ ሰው ብርሌውን ይዞ አንገቱን አስግጓል። ሐውልቱ ዘመም ሲል እትዬ ይመኙሻል ከመቀመጫቸው ተነሡና ቴሌቪዥኑን ቀጭ አድርገው አጠፉት።

«ኧረ እትዬ! ገና ሊወድቅ እኮ ነው!» አለ ሀምዛ። ሀምዛ የጅማ መስመር የሚኒባስ ሾፌር ነው። ጠጅ አይቀምስም፤ እዚያ ቤት የሚመጣው ለብርዝና ለጨዋታ ነው።

«ወድቋል በለው። የወደቀ ነገር ምን ይታያል?»

«ሰውየው እኮ ሕዝቡን ሲፈጅ የኖረ ነው!»

«ይሁና። እኔ ለሄደው አላለቀስኩም፤ የሚመጣውን ግን ማን አየው? የሰው አገር ሰው መጥቶ ‹ጣሪያህ መጥፎ ነው› ብሎ ቢያነሣልህ፣ ዝናቡ የሚወርደው በማን ላይ ነው? በሱ ላይ ነው ወይስ ባንተ?»

ሀምዛ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «በርግጥ ዛሬስ አይነሣ» አለ። ቤቱ ሳቀ። እትዬ ይመኙሻል ግን አልሳቁም።

ከፈለኝ ያኔ የታሪክ አስተማሪ ሆኖ ቦንጋ ከተመደበ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ብርድ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ዝናብ ግን አያውቅም። ጥቅጥቅ ካለው ደን ላይ ጉም ተነሥቶ ኮረብታው ላይ ያለችውን ከተማ ሲሸፍናት፣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ተማሪዎቹ ማየት ያቅታቸው ነበር። የተከራየው እትዬ ይመኙሻል ግቢ፣ ከጠጅ ቤቱ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። የቤት ኪራይ ፍለጋ የመጣ ቀን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ፖለቲካ ታወራለህ?»

ምን ብሎ እንደሚመልስ ጨነቀው። «አልፎ አልፎ» አለ።

«ግድ የለም። ብርሌ ይዘህ ግን አይሆንም።»

የቤቱ ሕግ ይኸው ነበር። ስለ መንግሥት መናገር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ተናግሮ እስኪጨርስ አያነሣም። «ጠጅ የተናገረውን ሰው ይከፍልበታል» ይሉ ነበር። ባለሥልጣንም ሆነ የቀን ሠራተኛ፣ ለዚህ ሕግ አይበላለጥም። አንዳንዱ እንዲያውም መናገር ጀምሮ ጠጁ ሲያምረው «ለነገሩ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ብርሌውን መልሶ ያነሣል። ከተማው ውስጥ ነገሩ ተረት ሆኖ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሦስተኛው «እባካችሁ አስቀምጣችሁ ተናገሩ» ይላቸዋል።

እሳቸው ራሳቸው አይጠጡም። ስለዚህም እንዳሻቸው ይናገራሉ። በዚያች ከተማ ወግ አጥባቂ የሚባል ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው አያልፍም። ለውጥ የሚሉት ቃል ደስ አይላቸውም። ንጉሡ ሲወርዱ ገና ወጣት ነበሩ፤ የደርግ መውረድ ደግሞ መበለት አደረጋቸው። ባላቸው ተድላ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። በ1983 ግንቦት የድሮው ጦር ከተማውን ትቶ ወጣ፤ አዲሱ ገና አልገባም። በመሃል ቦንጋ ያለ መንግሥት የዋለችባቸው ጥቂት ቀናት ነበሩ። አቶ ተድላ «መጋዘኑን ለማን ትቼው?» ብለው እቤት መቀመጥ እምቢ አሉ። ጠመንጃቸውን የፈለገ ሰው ገደላቸው። ማን እንደ ገደላቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ለማን አቤት ልበል?» ይላሉ እትዬ ይመኙሻል ይህን ሲያነሡ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «ክፉም ሆነ ደግ፣ ከሳሽ የሚሰማ ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረም። ወንበር ባዶ ሲሆን አይታችሁ ስለማታውቁ ነው ‹ይነሣ፣ ይነሣ› የምትሉት።»

ከፈለኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በተማሪዎች ሰልፍ ወጥቶ ታስሮ ነበር። ይህን አንድ ቀን በኩራት አጫወታቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ሰሙት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ታሰርን።»

«ከዚያስ?»

«ተፈታን።»

«ትምህርቱስ?»

«አንድ ዓመት ባከነ።»

«የተለወጠውስ?»

ከፈለኝ ጎመን አንሥቶ መቀንጠስ ጀመረ። እሳቸውም አላሾፉበትም። «ሰልፍ የወጣ ሰው ድምፁን ያውሳል፣ ልጄ» አሉት። «የተዋሰው ምን እንደሚጮህበት ግን አያውቅም።» ከፈለኝ በዚህ ነገር እሳቸውን ለመርታት ሁለት ዓመት ሙሉ ሞከረ። መጽሐፍ እየጠቀሰ፣ የሩቅ አገር ታሪክ እያመጣ ይከራከራቸዋል። እሳቸው ደግሞ እስኪጨርስ ይጠብቁና «ከዚያስ?» ይሉታል።

በ1996 በጋ ሰፋሪዎች መጡ። መሬት ከጠበበበት አገር ሰዉ ከነልጆቹ ከነዕቃው በጭነት መኪና እየተጫነ፣ ከቦንጋ አልፎ ቆላው ወዳለው አዲስ የሰፈራ ጣቢያ ይወርድ ነበር። መኪናዎቹ ጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ቆመው ሲያርፉ፣ እትዬ ይመኙሻል በእንስራ ውኃ፣ በሰፌድ ቆሎ ይዘው ይወጣሉ። ሕፃን ያዘሉትን እናቶች እያስወረዱ ከጥላው ሥር ያስቀምጣሉ። ተመልሰው ገብተው ደግሞ ያንኑ ሰፈራ ይረግማሉ።

«ሰው ችግኝ ነው እንዴ፣ ነቅለው ጭነው ወስደው የሚተክሉት? እነዚህ ምስኪኖች ምን አጠፉ? ደኑንስ ማን ጠየቀው? የደኑን ባለቤትስ?»

ሀምዛ ብርዙን አስቀመጠ። ብርዝ ስለሆነ አይገደድም፤ ግን ለሕጉ ክብር ብሎ ያስቀምጣል። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ አባትዎስ እዚህ ሲመጡ ጠይቀው ነው?»

አባታቸው ከሰሜን ከመጣ ወታደር ተወልደው በልጅነታቸው ቦንጋ የገቡ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል።

«አልጠየቁም» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «ሳይጠይቁ ነው የመጡት። ለዚህ እኮ ነው የማውቀው።»

ያን ጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ በዛብህ ሳቁ። ጋሽ በዛብህ የካፋ ሰው ናቸው፤ ከዋጫ መንገድ ወዲያ፣ ደጋው ደን ውስጥ ኮቦ አላቸው። ኮቦ ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ የደን ድርሻ ነው፤ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ የደን ቡና የሚለቀምበት። አጥር የለውም፤ ግን የአንዱን ኮቦ ሌላው አይደፍርም። የገተማ ዛፍ አብቦ፣ ማሩ እንደ እርጎ ነጥቶ ሲወርድ፣ ጋሽ በዛብህ የመጀመሪያውን ለእትዬ ይመኙሻል ያመጣሉ። ከሽያጭ የተረፈውንም እሳቸው ጓዳ ያስቀምጣሉ፤ ሲፈልጉ ይወስዳሉ። ውል የላቸውም። ውል ያስፈልጋል ብሎ ያሰበም የለም።

«ዱሮ» አሉ ጋሽ በዛብህ፣ ቃሉን እየፈለጉ፣ «ዱሮ በንጉሥ ጊዜ፣ አያቴ ነገረኝ፣ አገራችን ዙሪያው ቦይ ነበር። ጥልቅ። በር ነበረው። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ያቆሙታል። ‹ማነው ሰውህ?› ይሉታል። ከውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ ‹የኔ እንግዳ ነው› ካለ ይገባል። ካላለ አይገባም።»

«ሰው የሌለውስ?» አለ ከፈለኝ።

«ሰው የሌለው በሩ ላይ ያድራል። ራት ግን ይሰጡታል።»

«የኛ መንግሥት ተቃራኒ ነው» አለ ሀምዛ። «ያስገባሃል፣ ራት የለም።»

ሰኔ ላይ ኢሳይያስ መጣ። ኢሳይያስ የአንድ ቢሮ ባለሙያ ነው፤ በሰፈራው ጉዳይ ከሚሠሩት አንዱ። እዚያው ቦንጋ ያደገ፣ እትዬ ይመኙሻል በሕፃንነቱ አፍንጫውን የጠረጉለት ልጅ ነው። በጓዳ በር ገባና በሹክሹክታ ተናገረ። ከፈለኝ መስኮቱ ሥር ፈተና እያረመ ስለነበር ሁሉንም ሰማ።

«እትዬ፣ ከላይ ጉብኝት አለ። እንግዶች ሳይቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ዘመናዊ ቀፎ አድለን ነበር፤ ንቡ ገና አልገባም። አንድ ባልዲ ነጭ ማር ያውሱን። ለሾው ነው፤ ማታውን እንመልሳለን።»

«ሰፋሪው አመረተ ልትሉ ነው?»

«በሚቀጥለው ዓመት ማምረታቸው አይቀርም። ትንሽ ቀድመን ማሳየት ነው እንጂ ውሸት አይደለም።»

«ገና ያልተወለደ ልጅ ክርስትና ነዋ!»

«እትዬ፣ ውጤት ባያሳይ ፕሮግራሙ ይታጠፋል። እነዚያ ሴቶችስ? ውኃ ያጠጧቸው?»

ከፈለኝ እምቢ ይላሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ከጓዳ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ አንድ ቢጫ ባልዲ አውጥተው ሰጡት። በኋላ ስለዚህ ቀን ሲያስብ ከፈለኝ አይፈርድባቸውም። መንግሥት ሲለምን እምቢ ማለት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሲያዝ ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ ሲለምን ግን ያሳዝናቸዋል። ያልታያቸው አንድ ነገር ነው፤ ባልዲው የጋሽ በዛብህ ማር ያለበት ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዜናው መጣ። ቤቱ ሞልቷል። እንግዶቹ ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ ቆመው ማር ይቀምሳሉ፤ አንዱ ጣቱን ይልሳል፤ ዜና አንባቢው ሰፋሪዎች በአጭር ጊዜ ነጭ ማር ለማምረት መብቃታቸውን ይናገራል። ካሜራው ዝቅ ብሎ ባልዲውን አሳየ።

«ኧረ!» አለ ሀምዛ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ይሄ የእትዬ ባልዲ አይደለም? ያው ጨርቁ! የአልጋ ልብሳቸው ቅዳጅ!»

ሳቁ ቤቱን አናጋው። «እትዬ፣ ሰፋሪ ሆኑ እንዴ?» «ባልዲው ከኛ ቀድሞ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ!» እትዬ ይመኙሻል ሳይመልሱ ጓዳ ገቡ። ባልዲው በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተመለሰም። ማሩ ለእንግዶቹ ስጦታ ሆኖ መሄዱን ሰሙ።

የሳቁ ዋጋ የታወቀው ኅዳር ላይ ነው። ሰፈራው ይስፋፋል ተባለ። ሰፋሪዎች ለማር ሥራ ብቁ መሆናቸውን ስላስመሰከሩ፣ ነጭ ማር የሚገኝበት የደጋ ደን ይታከልላቸዋል። የሚታከለው ደን የጋሽ በዛብህና የጎረቤቶቻቸው ኮቦ ነበር።

ጋሽ በዛብህ ይህን ሊነግሩ በገበያ ቀን መጡ። እቤታቸው ቴሌቪዥን የለም፤ ስለ ባልዲው አልሰሙም። እትዬ ይመኙሻል አስቀመጧቸው፤ ጠጅ ቀዱላቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ብርሌውን ራሳቸው ከጋሽ በዛብህ እጅ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሁሉንም ነገሯቸው። ከፈለኝ ሊወጣ ሲነሣ «ተቀመጥ፣ አንተም ስማ» አሉት።

ጋሽ በዛብህ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«ማሬን ቀመሱት?»

«ቀመሱት።»

«ጣፈጣቸው?»

«አመሰገኑ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ በዛብህ። «ስለጣፈጠ ነው የሚወስዱብኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ብርሌውን ሳይነኩት ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። የተቀዳው ጠጅ እስኪመሽ እዚያው ተቀምጦ ዋለ፤ እትዬ ይመኙሻል ማንም እንዲያነሣው አልፈቀዱም።

ጥር ላይ፣ እንደገና በገበያ ቀን፣ ጋሽ በዛብህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጡ። ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ዘንግ ይዘዋል። ኢሳይያስ ወደሚሠራበት ቢሮ ሊሄዱ ነው። ከዚያ በፊት ግን እንደ ወትሮው ዕቃቸውን ሊያስቀምጡ እትዬ ይመኙሻል ግቢ ገቡ። ቅዳሜ ስለሆነ ከፈለኝም እዚያው ነበር። የተማሪነት ቀኑ ትዝ ብሎታል።

«በዛብህ፣ ይሄ ሰልፍ ነው» አሉ እትዬ ይመኙሻል በሩ ላይ ቆመው። «አትሂዱ። ምርጫ ደርሷል፤ ሰዎቹ ፈርተዋል። የፈራ ሰው ይተኩሳል። ሰልፍ የወጣ ሰው ቤቱን እንደ ተወው አያገኘውም።»

«እኛ ሰልፍ አናውቅም» አሉ ጋሽ በዛብህ። «መፈክር የለንም። ደኑን ልንጠይቅ ነው።»

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ደኑ ሲወሰድ ፈቃዴን ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ይመኙሻል «ከዚያስ?» አላሉም። ወደ ቤት ገቡ። ለከፈለኝ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ሲወጡ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘዋል።

«ወዴት ነው?» አለ ከፈለኝ።

«ባልዲዬን ላመጣ።»

ከፊት ሆነው ሄዱ። ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ አቀበቱን ሲወጡ፣ የካፋ ሰዎች ከኋላቸው ተከተሉ። ባለሱቆች ወደ በር ወጡ። «እትዬ፣ ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ይላሉ። «ማንም አልሞተም፤ ያዋስኩትን ዕቃ ልቀበል ነው» እያሉ ያልፋሉ። ነገሩ የገባው እየሳቀ፣ ያልገባው እየጠየቀ ይከተላል። ቢሮው በር ሲደርሱ መንገዱ ሞልቶ ነበር።

ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲጣደፍ ኢሳይያስ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ይሄ ሕገወጥ ሰልፍ ነው።»

«ዕቃውን ያዋሰ ሰው ዕቃውን ቢጠይቅ ሰልፍ ነው? የሰኔውን ባልዲዬን መልስልኝ።»

«ሰኞ እልክልዎታለሁ፤ እባክዎ» አለ በሹክሹክታ።

«ቢጫውን ነው። ቴሌቪዥን ላይ የታየውን።»

በየመስኮቱ ለምርጫው ዝግጅት ቅዳሜም የገባ የቢሮ ሠራተኛ ብቅ ብሏል። አንዷ ጸሐፊ አፏን በእጇ ሸፈነች። ኃላፊው በረንዳ ላይ ወጣ፤ ከሌላ አካባቢ ተሾሞ የመጣ ሰው ነው። «የምን ባልዲ ነው?» አለ።

እትዬ ይመኙሻል ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ በዚያ ጸጥታ አላስፈለጋቸውም። «ጌታዬ፣ እኔ ሰልፍ አልወድም። መንግሥትም ይውረድ አልልም፤ ወርዶ አይቼዋለሁ። ሰኔ ላይ ለእንግዶቻችሁ ነጭ ማር አውሻችኋለሁ። ሰፋሪው ያመረተው አይደለም፤ የዚህ ሰውዬ ማር ነው፤ አደራ ያስቀመጠብኝ። በዚያ ማር ነው ደኑ የሚወሰደው። ማሩ ተበልቷል፤ ይሁን። ባልዲዬንና ደኑን መልሱ።»

ሳቅ ተነሣ፤ ከዚያ ከሳቅ ሌላ የሆነ ጉርምርምታ። ኃላፊው ተቆጣ።

«እርስዎ ስለ ካፋ ደን ምን አገባዎት? ከየት የመጡ ሰው እንደሆኑ እናውቃለን። መጤ አይደሉም?»

ከፈለኝ የእሳቸውን ፊት ያየው ከጎን ነው። ለሁሉም መልስ የነበራቸው ሴት አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ቦንጋ ተወልደው፣ ቦንጋ ባል ቀብረው፣ ከዚያ ወዲያ ከጅማ ማዶ ያለውን አገር በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ጋሽ በዛብህ ከሰዉ መሃል ወጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ከእትዬ ይመኙሻል አጠገብ ቆሙ።

«የኔ እንግዳ ናት» አሉ። «በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

ከኋላቸው ያሉት ሽማግሌዎች በካፍኛ አንድ ቃል አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ከፈለኝ ቋንቋውን አይሰማም ነበር፤ ነገሩ ግን ገባው። ኃላፊው አልገባውም። ምን እንዳሉ ኢሳይያስን ጠየቀው። ኢሳይያስ መሬት መሬት እያየ «ሰው አላት ነው የሚሉት» አለው።

ማንም አልተኮሰም። ጉዳዩ ይጠናል ተባለ። ምርጫው ቀርቦ ስለነበር ማንም ወሬ እንዲነሣ አልፈለገም፤ ስለ መስፋፋቱ ዳግመኛ የተናገረ አልተሰማም። ሰኞ ዕለት ዘበኛው አዲስ ሰማያዊ ባልዲ ይዞ መጣ፤ ቢጫው የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። እትዬ ይመኙሻል ሰማያዊውን ባልዲ ማር አላስነኩትም። የሚያንጠባጥበው አሸንዳ ሥር አኖሩት።

ከፈለኝ በዚያ ሰሞን ጥያቄውን አላነሣም። «እትዬ፣ ሰልፍ ወጡ አይደል?» ለማለት አፉ ድረስ ይመጣና፣ ጥሩ አጋጣሚ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት የተሸነፈ ሰው ድሉን አጣጥሞ ሊያገኘው ይፈልጋል።

ምርጫው ካለፈ በኋላ የጠጅ ቤቱ ፈቃድ አይታደስም ተባለ። ምክንያቱ ለትምህርት ቤት ይቀርባል የሚል ነው። ጠጅ ቤቱ እዚያ የነበረው ትምህርት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ በዛብህ በሰሙ ቀን መጡ። «እኛ እንመጣለን» አሉ። «ላንቺም እንመጣለን። ሁላችንም።»

«አይሆንም» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «ለኔ ሰው አይሰለፍም። መንግሥት ዝጊ ካለ ይዘጋል።»

«ለኔ ግን ሄድሽ።»

«ያንተ አደራ ነበር። ይሄ የራሴ ነው።»

ከፈለኝ ይህን ሰምቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጥያቄው ተለወጠበት። አሁን ሊያሾፍባቸው አልነበረም የፈለገው። ሰው ለሌላው የሚቆመውን ያህል ለራሱ ካልቆመ፣ ያ ትዕቢት ነው ወይስ ትሕትና? ወይስ እሱ በሃያ ዓመቱ ሰልፍ የወጣ ጊዜ ያልገባው አንድ ነገር ገብቷቸዋል? ይህን እሳቸው ብቻ ያውቁታል ብሎ አመነ። ሊጠይቃቸው ቆረጠ።

ልጃቸው ሰብሌ ጅማ ናት፤ ወደ እሷ ሊሄዱ ሆነ። በሰኔ አንድ ማለዳ ከፈለኝ ሻንጣቸውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ሸኛቸው። መንገድ ላይ እጠይቃለሁ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ወሬ አላቋረጡም፤ ዶሮዎቹን ለማን እንደሰጡ፣ የክፍሉ ጣሪያ በየት በኩል እንደሚያፈስስ፣ ክረምት ሳይገባ አሸንዳውን እንዲያሠራ። «ባልዲው ሲሞላ ድፋው፤ ትንኝ ይራባበታል።»

መናኸሪያው ላይ ጋሽ በዛብህ ቆመው አገኟቸው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ማር ይዘዋል። ሁለቱ አዛውንቶች ፊት ለፊት ቆሙ። ከፈለኝ ሲጋራ ለኩሶ ራቅ አለላቸው። ይሰነባበቱ ብሎ ነው፤ ደግሞም ጊዜ አለ። የሀምዛ ሚኒባስ ሰዉ እላይ በላይ ካልተነባበረ እንደማይንቀሳቀስ ጅማ ድረስ የታወቀ ነው፤ ረዳቱ ገና «ጅማ! ጅማ!» እያለ ይጣራል። እትዬ ይመኙሻል ከሾፌሩ ጎን ገቢና ገቡ፤ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ከፈለኝ ሲጋራውን ጥሎ፣ ጥያቄውን በአእምሮው አንድ ጊዜ አስተካክሎ ወደ መስኮቱ ተራመደ።

ሀምዛ ረዳቱን ጠራው። «ዝጋ» አለው።

«ማንም አልገባም እኮ!»

«እትዬ ገብተዋል። ሞልቷል።»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሀምዛ ሳይጭን ተነሣ። ከፈለኝ ቆዩ ለማለት እጁን አነሣ፤ እትዬ ይመኙሻል የሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አነሡለት። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወደ ጅማ መንገድ ታጠፈ።